ስለ አንጃይና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አረፍ ስል ለቀቀኝ፤ ስለዚህ ምንም አይደለም።»
ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ አባባል ነው። አንጃይና ከልብ የሚመነጭ የደረት ሕመም ነው፤ የሚመጣውም ልብን የሚመግቡት ደም ስሮች ጠብበው፣ ልብ ሥራ ሲበዛበት በቂ ደም ሲያጣ ነው። ዳገት ሲወጡ፣ ሲናደዱ፣ በብርድ ሲሄዱ ወይም ጠግበው በልተው ሲንቀሳቀሱ ይይዛል። ቆም ሲሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለቃል። በእረፍት መልቀቁ ራሱ የበሽታው ዋና መለያ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሄበርደን እ.ኤ.አ. በ1768 ሕመሙን ሲገልጽ ያስተዋለው ይህንኑ ነበር።

«ልብ ከሆነ በግራ በኩል ይወጋል።»
ብዙዎቹ ውጋት አይሉትም። «ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተጫነኝ፣ ጭምቅ አደረገኝ» ይላሉ፤ ሲያሳዩም ጭብጣቸውን መሀል ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። ወደ ክንድ፣ አንገት፣ መንጋጋ ወይም ጀርባ ሊዘልቅ ይችላል። በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር ሕመምተኞች ላይ ደግሞ አንዳንዴ የትንፋሽ ማጠር፣ ያልተለመደ ድካም ወይም ማቅለሽለሽ ብቻ ሆኖ ይመጣል። «ጨጓራ ነው» እየተባለ ጊዜ የሚባክነውም በዚህ ነው።

«ኢሲጂ ተነስቼ ደህና ነህ ተብያለሁ።»
ኢሲጂ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ ነው፤ ሕመሙ በሌለበት ሰዓት ከተነሳ ምንም ላያሳይ ይችላል። ምልክቱ ከቀጠለ ተመልሶ መመርመር ያስፈልጋል።

«ናይትሮግሊሰሪን የምወስደው ሲብስብኝ ብቻ ነው።»
ናይትሮግሊሰሪን ደም ስሮችን አስፍቶ ሕመሙን የሚያስታግስ መድኃኒት ነው፤ ችሎ መቆየት ምንም አይጠቅምም። መድኃኒቱ ስለሚያዞር መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ፤ ከዚያ ኪኒኑን ከምላስዎ ስር ያድርጉ፣ አይዋጡት። ራስ ምታት ቢያስከትል የተለመደ ነው። ሙቀትና ብርሃን ስለሚያበላሸው ከመጣበት ጠርሙስ ወደ ሌላ ዕቃ አያዛውሩት። ቪያግራን የመሰለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ከናይትሮግሊሰሪን ጋር ሊያጣምረው አይገባም፤ የደም ግፊት በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል። እባካችሁ፣ ይህን ለሐኪም ለመንገር አትፈሩ።

«ከእንግዲህ መንቀሳቀስ የለብኝም።»
ሄበርደን በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንጨት በመጋዝ እየቆረጠ ሊድን ስለተቃረበ ሕመምተኛ ጽፏል። ዛሬም ሐኪም በፈቀደው መጠን ቀስ በቀስ የሚጨምር እንቅስቃሴ የሕክምናው አካል ነው።

«ስቴንት ስለገባልኝ መድኃኒት ይብቃኝ።»
ስቴንት ደም ስር ውስጥ የሚገባ ትንሽ የሽቦ ቱቦ ነው፤ የጠበበውን ቦታ ይከፍታል፤ በሽታው ግን በሌሎቹ ደም ስሮች ውስጥ ሊቀጥል ይችላል። መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ ማጨስም መቆም አለበት።

«የለመድኩት ሕመም ስለሆነ አያሰጋኝም።»
በእረፍት ላይ ከያዘ፣ ከበፊቱ ከበዛ ወይም ቀላል ሥራ ላይ መምጣት ከጀመረ ነገሩ ተለውጧል፤ የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል። ናይትሮግሊሰሪን ተወስዶ በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልቀለለ ግን ወዲያውኑ አምቡላንስ ይጠራ፤ ሕመምተኛው ራሱ መኪና አይንዳ።