ስንት ዓመት የተስማማኝ የዓይን ጠብታ ዛሬ እንዴት አለርጂ ይሆንብኛል?

ግላኮማ (ብዙውን ጊዜ ከዓይን ውስጥ ግፊት መጨመር ጋር የሚመጣ፣ እይታን የሚያጠፋ በሽታ) ያለበት ሰው ቲሞሎል የሚባል ጠብታ ሲነሳ ሳይሰማ አይቀርም። ቤታ ብሎከር ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ቤታክሶሎል፣ ሌቮቡኖሎልና ካርቴኦሎልም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። ዓይን ውስጥ የሚመነጨውን ፈሳሽ ቀንሰው ግፊቱን ያወርዳሉ። አንዳንድ ሰው ላይ ግን የዓይን ቆብን ያስቆጣሉ። ያኔ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል።

«አለርጂ ቢሆን ገና ስጀምረው ይነሳብኝ ነበር»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ይህ አለርጂ ዘግይቶ የሚመጣ ዓይነት ነው። ሰውነት መድኃኒቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እስኪቆጣ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጅበታል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ሽፍታው ጠብታው በገባ በደቂቃዎች ሳይሆን ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሰው አዲሱን ሳሙና ይጠረጥራል፣ ክሬሙን ይጥላል፣ ትራሱን ይቀይራል። ጠብታውን ግን ስለለመደው ልብ አይለውም። የዓይን ቆባችሁ ከቀላ፣ ካሳከከ፣ ካበጠ ወይም ከተላላጠ ጠብታውንም ጠርጥሩ። በተለይ ቅላቱ ጠብታው በሚፈስበት መንገድ ወደ ጉንጭ ከወረደ ጥሩ ፍንጭ ነው።

«ጥፋቱ የግድ የመድኃኒቱ ነው»

ላይሆን ይችላል። ብዙ ጠብታዎች ውስጥ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የሚባል ማቆያ፣ ማለትም ጠብታው እንዳይበላሽ የሚጨመር ነገር አለ። እሱም አለርጂ ባይኖርም እንኳ ዓይንንና ቆዳን ያስቆጣል። ማቆያ የሌለበት ቲሞሎል ስላለ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

«በሌላ ቤታ ብሎከር ቢቀየርልኝ ይበቃል»

አንዳንዴ ይበቃል። ግን ዘመዳሞች ስለሆኑ ለአንዱ የተቆጣ ቆዳ ለሌላውም ሊቆጣ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ እንደ ላታኖፕሮስት ወዳለ ሌላ ወገን ሊያሻግራችሁ ይችላል።

«ካሳከከኝ ራሴው አቆመዋለሁ»

እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ብዙውን ጊዜ ግላኮማ አያምም፤ ግፊቱ ሲወጣ አይታወቃችሁም። በእሱ የጠፋ እይታ ደግሞ አይመለስም። በዚያው ቀን ሐኪማችሁ ጋ ደውሉና ምትክ ይታዘዝላችሁ። ፊት ወይም ምላስ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጠብታውን ሳትደግሙ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ጠብታው በእንባ ቱቦ ወደ አፍንጫ ወርዶ ደም ውስጥ ስለሚገባ፣ አስም ያለበትን ሰው የአየር ቧንቧ ሊያጠብና የልብ ምትን ሊያዘገይ ይችላል።

«ለማሳከኩ ቤት ያለውን ቅባት ልቀባው»

ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ የዓይን ግፊትን ሊጨምር ይችላል። ሳያማክሩ አይሆንም።

«የቆዳ ምርመራው ምንም አላሳየም፤ ስለዚህ አለርጂ የለኝም»

በፓች ቴስት መድኃኒቱ ጀርባ ላይ ተለጥፎ 48 ሰዓት ይቆያል፣ በ96 ሰዓት ገደማ ደግሞ እንደገና ይታያል። የጀርባ ቆዳ ግን ከዓይን ቆብ ቆዳ በጣም ይወፍራል፤ መድኃኒቱ እንደ ዓይን ቆብ በቀላሉ አይዘልቀውም። አለርጂው እያለ ሊያመልጥ ይችላል። ጥርጣሬው ካልለቀቀ ሐኪሙ ጠብታውን በሌላ ተክቶ ቆዳው ይሻለው እንደሆነ ያያል።