ዶልፊን በገንዳ፣ ዶልፊን በባሕር

እኛ አገር «ዶልፊን» ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ሚኒባሱ ነው። እንስሳዋን በዓይኑ የማየት ዕድል የሚገጥመው ለምሳሌ ዱባይ የሚኖር ወገናችን ነው። እዚያ ክሪክ ፓርክ ውስጥ በ2008 የዶልፊን ትርኢት ቤት ተከፍቷል (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ትርኢቱ የትም አገር ተመሳሳይ ነው። ዶልፊኗ ትዘላለች፣ ኳስ ትመታለች። አሰልጣኙ ከባልዲ ዓሣ መዞ ይወረውርላታል። ልጆች ያጨበጭባሉ። እሷም የምትስቅ ትመስላለች። ሳቅ ግን አይደለም፤ የመንጋጋዋ ቅርጽ ነው። ብትታመምም፣ ብትራብም፣ ልጇ ቢሞትባትም ፊቷ ያው ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ እንዲህ ዓይነት ፎቶ ማየት ይከብደኛል።

የንግዱ መነሻ በ1938 ፍሎሪዳ ውስጥ የተከፈተው ማሪን ስቱዲዮስ ነው። በ1960ዎቹ ዶልፊን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ኮከብ ሆነች፤ ገንዳዎችም በየአገሩ በዙ። ለቴሌቪዥን ያሠለጠናቸው ሪክ ኦባሪ ነበር። እሱ እንደሚናገረው ከነዚያ ዶልፊኖች አንዷ፣ ካቲ፣ በ1970 እቅፉ ውስጥ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹን ለማስፈታት ሲታገል ኖሯል።

ብዙ ዶልፊኖች ለገንዳ የሚያዙበት አንዱ ቦታ የጃፓኗ ታይጂ ናት። አደኑ በየዓመቱ በፈረንጆቹ መስከረም (ሴፕቴምበር) መግቢያ ላይ ይጀመራል። ጀልባዎች ይሰለፋሉ። አዳኞቹ የብረት ዘንግ ውሃ ውስጥ ከትተው በመዶሻ ይቀጠቅጡታል። ዶልፊን አካባቢዋን የምታውቀው ድምፅ ልካ ሲመለስ በመስማት ነውና፣ ጩኸቱ ያደናግራታል። መንጋው እየሸሸ ጠባብ ሰርጥ ውስጥ ይገባል፤ መረብም ይዘጋበታል። ለትርኢት የሚሆኑት ይመረጣሉ። ከቀሩት ብዙዎቹ ይታረዳሉ። ተመራጮቹ ከእናትና ከወንድም ተለይተው ነው ገንዳ የሚገቡት። እያንዳንዷ ዶልፊን እንደ ስም የምትታወቅበት የራሷ ፉጨት እንዳላት ስናስብ፣ መለያየቱ ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል።

ተቃውሞው ፍሬ እያፈራ ነው። ሕንድ በ2013 የዶልፊን ትርኢት ቤት እንዳይከፈት ከለከለች። ካናዳ በ2019፣ ሜክሲኮ ደግሞ በ2025 ሕግ አወጡ።

ዶልፊን ማየት የሚፈልግ ሰውስ? ለዚህ ጥሩ መልስ ያለው እዚሁ ቀይ ባሕር ላይ ነው። በግብፅ ማርሳ አለም አጠገብ ሰማዳይ የሚባል፣ የፈረስ ኮቴ የመሰለ የኮራል ሪፍ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሠሩት ድንጋያማ አጥር) አለ። ስፒነር የሚባሉት፣ ሲዘሉ አየር ላይ የሚሽከረከሩት ዶልፊኖች ሌሊት ጥልቁ ባሕር ላይ ሲያድኑ ያድራሉ። ቀን ሪፉ ውስጥ ገብተው ያርፋሉ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግን ቱሪስት በጀልባ እየጎረፈ እንቅልፍ ነሳቸው። በ2003 መጨረሻ ቦታው ተዘጋ። በጥር 2004 ሲከፈት በሥርዓት ሆነ፦ የጎብኚው ቁጥር ተወሰነ፣ የመግቢያ ክፍያ መጣ፣ ሪፉም በክልል ተከፋፈለ። የውስጠኛው ክፍል ለዶልፊኖቹ ብቻ ነው። ሰው አይገባም፣ ጀልባም አይገባም።

ኮራሉም ጠባቂ አለው። በ1992 የተመሠረተው ሄፕካ የሚባል የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በግብፅ ቀይ ባሕር ዳርቻ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ የጀልባ ማሰሪያዎች ተክሏል። ባሕረኛው ገመዱን እዚያ ያስራል፤ መልሕቅ ጥሎ ለማደግ ብዙ ዘመን የፈጀን ኮራል አይሰብርም።

ሰማዳይ የሄደ ሰው መነጽሩን አድርጎ ከመስመሩ ውጭ ይንሳፈፋል፣ ይጠብቃል። ዶልፊኖቹ ከፈለጉ ራሳቸው መስመሩን አልፈው ይመጣሉ። ካልፈለጉም ሳያያቸው ይመለሳል።