ያለባትን ብናገርስ ሐሜት ነው?

ጅማ ውስጥ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ ቶናው እየተቀዳ የቀረችው ሴት ስም ይነሣል። አንዷ «ኧረ ተይ፣ ሐሜት ነው» ስትል መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ያለባትን እኮ ነው ያወራሁት!»

ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። በእስልምና ሐሜት፣ በዐረብኛው ጊባ፣ ውሸት ማውራት አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ወንድምህን በሚጠላው ነገር ማንሣት ነው ብለው አብራርተውታል። «የምለው ያለበት ቢሆንስ?» ተብለው ሲጠየቁም፣ ካለበት አምተኸዋል፣ ከሌለበት ቀጥፈህበታል አሉ። ቅጥፈቱ ቡህታን ይባላል። እንግዲህ «እውነት ነው» ማለት ከሐሜት አያወጣም፤ ሐሜት መሆኑን ማመን ነው። ቁርኣን በአል-ሑጁራት ምዕራፍ፣ አንቀጽ 12፣ የሞተ ወንድምን ሥጋ ከመብላት ጋር ያመሳስለዋል። ሬሳ አይከላከልም፤ ቡናው ላይ ያልተገኘችውም ጎረቤት እንዲሁ። ይህ ምሳሌ ሁልጊዜ ስኒውን ከእጄ ያስቀምጠኛል።

ሁሉም ዝም ይባላል ማለት ግን አይደለም። የተበደለ ለዳኛ ይናገራል። ስለ ትዳር የተማከረም የሚያውቀውን አይደብቅም፦ ፋጢማ ቢንት ቀይስ ስላጯት ሁለት ሰዎች ነቢዩን ስታማክር፣ አንዱ ገንዘብ እንደሌለው፣ ሌላው ዱላ ከትከሻው እንደማያወርድ ነግረዋታል።