መብራት የጠፋው ሐዋሳ፣ የቆመው ጌትዌይ

«ሰርቨር ተከራይቻለሁ፤ ታዲያ ሐዋሳ መብራት በጠፋ ቁጥር ቦቱ ለምን ይቆማል?» የሆቴል ቦታ ማስያዣም ሆነ የክሊኒክ ቀጠሮ በቴሌግራም ቦትና በኤስኤምኤስ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም (ጌትዌይ) ያለው ሁሉ ይህንኑ ይጠይቃል፤ የሚወቀሰውም አከራዩ ነው። ሰርቨሩ ግን አልጠፋም። በኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ሰርቨር መግቢያ) ገብታችሁ ትእዛዙን ጽፋችሁ ብቻ ካስነሳችሁት፣ ጌትዌዩ የዚያ መስኮት ጥገኛ ነው። መብራት ሲሄድ ዋይፋዩ አብሮ ይሄዳል፤ ሰርቨሩ ግንኙነቱ መቋረጡን ሲያውቅ ተርሚናሉን ይዘጋል፣ ፕሮግራሙም ሲግሃፕ የሚባለው ምልክት ደርሶት ይሞታል።

«እሺ፣ ኖኸፕ ወይም ስክሪን እጠቀማለሁ።» ስንት ጊዜ ቢነገር የማይለቀው ይህ ነው! ሁለቱም ትእዛዞች ፕሮግራሙን ከመስኮቱ መዘጋት ያተርፉታል፤ ሌላ ሥራ የላቸውም። በራሱ ስህተት ሲወድቅ የሚያነሳው የለም፤ ሰርቨሩ ለከርነል (ለሊኑክስ እምብርት) ማሻሻያ ሪስታርት ሲደረግ ስክሪኑም አብሮ ይጠፋል። ቴሌግራም ደግሞ ያልተወሰዱ መልእክቶችን ከ24 ሰዓት በላይ አያቆይም፤ ቅዳሜ የወደቀ ጌትዌይ ሰኞ ሲነሳ የቅዳሜውን ቦታ ማስያዣ አያገኘውም።

ለዚህ የተሠራው ሲስተምዲ፣ ማለትም በሰርቨሩ ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳውና የሚጠብቀው ነው፤ ኡቡንቱና ዴቢያን የሚባሉት ሊኑክሶች ይዘውት ይመጣሉ። ዩኒት ፋይል (ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚነሳ የሚነግር ፋይል) ጻፉ፣ ጌትዌዩን በሩት (ሁሉን በሚችለው አስተዳዳሪ) ሳይሆን ለብቻው በተከፈተ ተጠቃሚ አስነሱ፣ ሪስታርት የሚለውን «ኦልዌይስ» አድርጉ። ብዙ ሰው እዚህ ያቆምና «ሲስተምዲም አልሠራልኝም» ይላል። ሪስታርት ሴክ፣ ማለትም ዳግም ከማስነሳት በፊት የሚጠበቀው ጊዜ፣ ካልተነካ 100 ሚሊሰከንድ ነው፤ ኔትወርክ ሳይዘጋጅ የተነሳ ፕሮግራም ወዲያው ወዲያው ይወድቃል፣ በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ከተነሳ ደግሞ ሲስተምዲ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ሪስታርት ሴክን 10 ሰከንድ ብላችሁ ሙሉት። ከዚያ «ስታርት» ብቻ ሳይሆን «ኢኔብል»ም በሉት፤ ያለዚያ ሰርቨሩ ሲነሳ አብሮ አይነሳም።

«ሲስተምዲ አክቲቭ ይላል፣ ስለዚህ ይሠራል።» አክቲቭ ማለት ፕሮግራሙ አልሞተም ማለት ብቻ ነው። ግንኙነቱ መሃል ላይ ድምፅ ሳያሰማ ከተቆረጠና የጊዜ ገደብ ካልተሰጠው፣ መልስ ሲጠብቅ ይከርማል። ግንኙነቱ መኖሩን የሚፈትሸው የሊኑክስ ኪፕአላይቭ ቢከፈት እንኳ የመጀመሪያውን ፍተሻ የሚልከው ከ7200 ሰከንድ በኋላ ነው። ጌትዌዩ ቴሌግራምን 50 ሰከንድ የሚጠብቅ ከሆነ በራሱ በኩል 60 ላይ ይቁረጥ። ዋችዶግንም (ምልክት ሲቀርበት ፕሮግራሙን ዳግም የሚያስነሳውን የሲስተምዲ ቆጣሪ) 180 ሰከንድ አድርጉና ፕሮግራሙ ምልክት የሚሰጠው መልስ ሲያገኝ ብቻ ይሁን።

«ለጥንቃቄ ሁለት ቦታ ላስነሳው።» በአንድ ቶከን (የቦቱ ቁልፍ) ሁለቱም ሲጠይቁ ቴሌግራም 409 የሚባለውን የግጭት ስህተት ይመልሳል።

«አንድ ኤስኤምኤስ 160 ፊደል ይይዛል።» በአማርኛ 70፤ ከረዘመ እያንዳንዱ ቁራጭ 67፣ የሚከፈለውም በቁራጭ ነው።

«ክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት የሚያስነሳው) ላይ 3 ብጽፍ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይልካል።» አብዛኛው ሰርቨር በዩቲሲ (ከአዲስ አበባ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ስለሚቆጥር ደንበኛችሁን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ትቀሰቅሱታላችሁ። 6 ብላችሁ ጻፉ፤ ሰርቨሩን በአዲስ አበባ ሰዓት ካስተካከላችሁት ደግሞ 9።