የደመወዝ ወለል ሲነሳ ማን ይቀጠራል?

ስለ ደመወዝ ወለል፣ ማለትም በሕግ ስለሚወሰነው ዝቅተኛ ክፍያ፣ የሚሰነዘሩ አባባሎችን አንድ በአንድ እንመልከት።

«ወለሉ ከፍ ካለ ሥራ ይጠፋል።» እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካዋ ኒው ጀርዚ ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር አሳደገች፤ ጎረቤቷ ፔንሲልቬንያ ባለችበት ቆየች። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር በሁለቱ ግዛቶች የሚገኙ 410 የፈጣን ምግብ ቤቶችን አነጻጽረው በኒው ጀርዚ ሥራ ለመቀነሱ ማስረጃ አላገኙም። ጥናቱ ለዓመታት አከራክሯል፤ «ይጠፋል» ብሎ በእርግጠኝነት መናገር ግን ከዚያ ወዲህ አልተቻለም።

«እንግዲያው የተጎዳ የለም።» ይህኛው ስህተት ይበልጥ ያሳስበኛል። የሠራተኞች ቁጥር ሳይለወጥ ሠራተኞቹ ሊለወጡ ይችላሉ። አንድ ቀጣሪ ለጀማሪ 10፣ ልምድ ላለው 13 ዶላር ይከፍል ነበር እንበል። ሕጉ ለሁሉም 13 ሲያደርገው ጀማሪውን የሚያስመርጠው የዋጋ ልዩነት ይጠፋል፤ ባለልምዱ በር ላይ ከቆመ ማን እንደሚገባ ግልጽ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት የአሜሪካ ከተማ ሲያትል ወለሉ እ.ኤ.አ. በ2016 ለትልልቅ ቀጣሪዎች እስከ 13 ዶላር ደረሰ። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳገኙት፣ በሥራ ላይ ከነበሩት ውስጥ የተሻለ ልምድ ያላቸው ገቢያቸው አደገ። ልምድ ያነሳቸው ግን የሥራ ሰዓታቸው በመቀነሱ እምብዛም አልተጠቀሙም፤ አዲስ ወደ ሥራ የሚገቡ ሰዎችም ቀነሱ። በአማካይ ቁጥር ብቻ የሚከራከር ሰው እነዚህን ሰዎች ከነጭራሹ አያያቸውም።

«ስለዚህ ጀማሪ ሁልጊዜ በባለልምድ ይተካል።» ይህም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት ከ1979 እስከ 2016 በአሜሪካ ግዛቶች የተደረጉ 138 ጭማሪዎችን መርምሮ፣ ከአዲሱ ወለል በታች የጠፉትን ሥራዎች ወለሉ ላይና ትንሽ ከፍ ብለው የተፈጠሩት እንደተኩ አሳይቷል። በትምህርት ደረጃ ተለይቶ ሲታይም ዝቅተኛው በከፍተኛው ለመተካቱ ምልክት አልተገኘም። ባለልምዱ የጀማሪውን ሥራ ላይፈልገው ይችላል፤ ደመወዝ ሲሻል ሠራተኛ ቶሎ ስለማይለቅም ቀጣሪው አዲስ ሰው ለማሠልጠን የሚያወጣው ወጪ ይቀንሳል።

«ወለል ለሁሉም አንድ መሆን አለበት።» ግዴታ አይደለም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ስትጀምር ለአዋቂ በሰዓት 3.60፣ ከ18 እስከ 21 ዓመት ላሉት 3.00 ፓውንድ ነበር የደነገገችው።

«ኢትዮጵያ ውስጥ ወለሉን አዋጁ ወስኖታል።» በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን ደመወዝ እያጠና የሚያሻሽል የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ደነገገ እንጂ የብር መጠን አልጻፈም። መጠኑ ሲጠና ከገጠር ወደ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትመጣው ልምድ የሌላት ወጣት ለብቻዋ ትታይ፤ በሥልጠና ወቅት ስንት ይከፈላት፣ ወደ ሙሉው ወለልስ መቼ ትሸጋገር የሚለው አብሮ ይወሰን።