የማኅበረሰብ የአእምሮ ሕክምና ቡድን መሪ ምንድን ነው?

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል። ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ካርድ አለ። ትናንት ቀጠሮ ኖሯቸው ያልመጡ ሰዎች ካርድ ነው። ሌላ ክፍል ቢሆን ካርዱ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል፤ «ሲብስበት ይመጣል» ተብሎ ይታለፋል። እኛ ጋ የቀኑ ሥራ የሚጀመረው ከእነዚህ ሦስት ካርዶች ነው።

ሳይካትሪ ነርስ ነኝ። የምሠራው ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ ማሳው በሚጀምርበት ነው። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «የማኅበረሰብ የአእምሮ ሕክምና ቡድን እመራለሁ» እላለሁ። ሰውየው ራሱን ይነቀንቅና፣ ትንሽ ቆይቶ፣ «አሃ፣ አማኑኤል ነሽ ማለት ነው» ይለኛል። አይደለሁም። ታዲያ ምንድን ነኝ?

መጀመሪያ ቡድኑን ላስረዳ። ስኪዞፍሬንያ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማ፣ ከእውነታ የሚያርቅ ሕመም)፣ ባይፖላር (ስሜት እጅግ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ወይም ከአልጋ የማያስነሳ ከባድ ድብርት ያለበት ሰው አለ እንበል። በተለመደው አሠራር ሆስፒታሉ ይቀመጣል፣ ታካሚው ይመጣል። በማኅበረሰብ ሕክምና ነገሩ ይገለበጣል። የተለያየ ሙያ ያላቸው ጥቂት ሰዎች ተቧድነው ታካሚው ወዳለበት ይሄዳሉ። ቤቱ ሊሆን ይችላል፤ የቀን ሥራ የሚሠራበት ቦታ፣ ጠበልም ሊሆን ይችላል። ታካሚው የአንድ ባለሙያ ሳይሆን የቡድኑ ነው። መሪው ደግሞ የሁሉም ስም ዝርዝር እጁ ላይ ያለ ሰው ነው። ማን ደኅና ሰነበተ፣ ማን መድኃኒት አቆመ፣ ማንን ማን አየው የሚለውን ሁልጊዜ ማወቅ አለበት።

ይህ አሠራር በደንብ ቅርጽ የያዘው አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ማዲሰን ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሜንዶታ በሚባል የመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታል የሚሠሩ ባለሙያዎች አንድ ነገር አሰለቻቸው። ታካሚው ዋርድ ውስጥ ይሻለዋል። ይወጣል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ይመለሳል። ሊዮናርድ ስታይን፣ ሜሪ አን ቴስትና አርኖልድ ማርክስ የዋርዱን ሠራተኞች ይዘው ወደ ከተማው ወጡ። ዋርድ ውስጥ ገበያ መሄድን ከማስተማር ይልቅ አብረው ገበያ ሄዱ። አውቶቡስ አብረው ተሳፈሩ። በኋላ አሰርቲቭ ኮሚዩኒቲ ትሪትመንት የሚል ስም ወጣለት።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1980 ታተመ። ታካሚዎቹ ሆስፒታል የሚመለሱት በጣም ቀንሶ ነበር። ግን ሌላም ነገር ታይቷል፤ ፕሮግራሙ ሲቆም ጥቅሙ አብዛኛው አብሮ ጠፋ። ይህን ሁለተኛውን ነገር ብዙ ሰው አያነሳውም። እኔ ግን ከመጀመሪያው ይልቅ እሱን አስታውሳለሁ። ቡድኑ ሰውየውን አድኖ የሚሰናበት አይደለም። አብሮት ይቆያል።

የዚያ አሠራር ደንቦች ዛሬም ጥብቅ ናቸው። ለአሥር ታካሚ አንድ ባለሙያ ገደማ። በየቀኑ አጭር ስብሰባ። ሌሊትም የሚጠራ ሰው። አብዛኛው ሥራ ከቢሮ ውጭ። አንዱን ደንብ በጣም እወደዋለሁ፦ መሪው ራሱ ታካሚ ያያል። ቢሮ ቁጭ ብሎ ሪፖርት የሚሰበስብ ሰው የዚህ ቡድን መሪ ሊሆን አይችልም። ደረጃ ወጥቶ፣ በር አንኳኩቶ፣ «አልወጋም፣ ሂጂ» ተብሎ የማያውቅ ሰው ያንን ሲሰማ የሚመጣውን ድካም ለሌላው ሊያቀልለት አይችልም።

እኛን አንድ ለአሥር ቢሉን እንስቃለን። የአማኑኤል ሆስፒታል የተከፈተው በኢጣሊያ ወረራ ዓመታት ነው። ከዚያ ወዲህ ለአሥርት ዓመታት ለመላው አገር ያለው የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ብቻ ነበር። (ጣሊያን ራሷ እ.ኤ.አ. በ1978 ሕግ አውጥታ የአእምሮ ሆስፒታሎቿን ወደ መዝጋት ሄደች። እኛ ጋ የተከለችው ግን ሥር ሰደደ።) ሳይካትሪ ነርስ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 እዚያው አማኑኤል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለት ነገር በአንድ ዓመት ሆነ፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ትምህርት ጀመረ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ተጀመረ። ያኔ ሁለቱን ያገናኛቸው ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። የኔ ሥራ ግን የቆመው በሁለቱ መካከል ነው።

ቡድናችን ምን ይመስላል? እኔ አለሁ። የኤምኤች ጋፕ ሥልጠና የወሰደ ጤና መኮንን አለ፤ ይህ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ፕሮግራም ነው፣ ስፔሻሊስት ያልሆነ ባለሙያ የአእምሮ ሕመምን እንዲያክም ያሠለጥናል። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉ። ፋርማሲስቷ አለች፤ መድኃኒት ሊያልቅ ሲል ቀድማ የምትነግረኝ እሷ ናት። ከወረዳ አንድ ሶሻል ወርከር አለ። የእድር ሰብሳቢው ጋሼ አሉ፤ ደመወዝ የላቸውም፣ ስብሰባም አይወዱም፣ ስልካቸው ግን ሁልጊዜ ይነሳል። ራሱ ታሞ የተሻለው አንድ ልጅም አብሮን ይሄዳል። እኔ ሰዓት ሙሉ አስረድቼ ያላሳመንኩትን ሰው እሱ «እኔም እንዳንተ ነበርኩ» ብሎ ያስቀምጠዋል።

ከእነዚህ ሰዎች ስንቱን ማዘዝ የምችል ይመስላችኋል? ማንንም። ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሌላ አለቃ አላት፤ ክትባቱም፣ የእናቶች ክትትሉም፣ ቲቢውም እሷን ይጠብቃል። ጤና መኮንኑ ተመላላሽ ክፍል ሰልፍ አለበት። ስለዚህ እዚህ ሰፈር ቡድን መምራት ማለት በጨዋ ቋንቋ መለመን ነው። «እህቴ፣ በዚያ ብሎክ ስታልፊ አንድ በር አንኳኪልኝ።» ያንኳኳች ቀን ማታ ደውዬ ምን እንዳገኘች እጠይቃለሁ። ካልጠየቅኋት በሌላ ጊዜ አታንኳኳም፤ እኔም ብሆን አላንኳኳም።

ስብሰባችን ሃያ ደቂቃ ነው፣ ቆመን ነው። የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ማን ቀረ?»

ለምን እሱ? ከታካሚዎቻችን ብዙዎቹ የሚወጉት ፍሉፌናዚን የሚባል መርፌ ነው፤ ሰዉ «የወር መርፌ» ይለዋል። መድኃኒቱ በዘይት የተበጀ ስለሆነ ከጡንቻ ውስጥ ቀስ እያለ ይለቃል፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይይዛል። ስለዚህ ዛሬ የቀረ ሰው ዛሬ አይነሳበትም። ነገም ደኅና ነው። አስታማሚውም «ይኸው ያለ መርፌ ደኅና ሆነ» ይላል። አታላዩ ይህ ነው። ከዚያ እንቅልፍ ይቀንሳል፣ ምግብ ላይ ጥርጣሬ ይመጣል፣ አንድ ቀን ቤት ይገለበጣል። ቡድኑ የሚያስፈልገው በዚያ ደኅና በሚመስለው ጊዜ ውስጥ ነው። ፖሊስና አምቡላንስ ከመጡ በኋላማ ሆስፒታሉ አለ።

ወደ ሦስቱ ካርዶች ልመለስ።

የመጀመሪያው ወጣት ነው። ቤተሰቡ ከመሀል ከተማ ተነስቶ እዚህ አራተኛ ፎቅ ገባ። ድሮ ሰፈር እያለ ሁሉም ያውቀው ነበር። ሲጠፋ ባለሱቁ ይይዘዋል፣ ሲርበው ጎረቤት ያበላዋል። እዚህ ማንም አያውቀውም። እህቱ ሥራ ስትሄድ በሩን ከውጭ ትቆልፍበታለች። ክፉ ሆና አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ጠፍቶባታል። ሰንሰለት አይታችሁ ከሆነ ታዝናላችሁ፤ የኮንዶሚኒየም ቁልፍ ግን ከውጭ ስታዩት ቁልፍ ብቻ ነው።

እሱ ቤት ስንሄድ ነጭ ጋወን አንለብስም። መኪና ደጅ አናቆምም። ሁልጊዜ ሁለት ሆነን ነው፣ የት እንዳለን የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው አለ፣ የምንቀመጠውም በር አጠገብ ነው። በሩን የምታንኳኳው ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። ምክንያቱም የሷ ማንኳኳት ለጎረቤት ምንም አይናገርም፤ እሷ የሁሉንም ቤት ታንኳኳለች። እኔ ብቻዬን ብሄድ በማግሥቱ ደረጃው ሁሉ «እነ እንትና ቤት እብድ አለ» ይላል። ዛሬ እህትየው ሥራ ከመሄዷ በፊት ደረስንባት። ተወጋ። ቁልፉን በተመለከተ ገና እየተነጋገርን ነው። ጋሼ በቀን ሁለት ጊዜ ብቅ የሚል ሰው ከብሎኩ አገኛለሁ ብለዋል።

ሁለተኛው የቀን ሠራተኛ ነው፣ ድንጋይ ይሸከማል። ስልክ ስደውል በግልጽ ነገረኝ፦ «ሲስተር፣ መድኃኒቱ ያስርበኛል። የምበላው የለም።» ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም፤ በኋላ ግን ቡታጅራ አካባቢ በተሠራ ጥናት ላይ አነበብኩት። ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎች መድኃኒት ከሚያቆሙባቸው ምክንያቶች አንዱ የምግብ ማጣት ነው። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፣ ቤት ውስጥ ግን እንጀራ የለም። ሐኪም ለዚህ የሚጽፈው ማዘዣ የለውም። ቡድን ግን ሶሻል ወርከር አለው፣ እድር አለው። ዛሬ ለእሱ የሠራነው ሕክምና የምግብ ድጋፍ ማመልከቻ መጻፍ ነበር። ማመልከቻው ካልተሳካ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ እሱም ይጠብቃል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። መምራት ስጀምር ከበድ ያለውን ሰው ሁሉ ለራሴ እይዝ ነበር። ሌላውን አለማመን ሳይሆን አይቀርም፤ ወይም ደግሞ ትንሽ ኩራት። ከዚያ ታይፎይድ ይዞኝ ሁለት ሳምንት ተኛሁ። ስመለስ አንድ ታካሚዬ ተነስቶበት ሆስፒታል ገብቷል። ቤቱን የሚያውቅ ከእኔ በቀር አልነበረም። አድራሻው ካርዱ ላይ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» ይላል፤ ወፍጮ ቤቱ ግን ፈርሷል። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ቤት ቢያንስ ሁለት ሰው ያውቀዋል።

ሌላው የመሪ ሥራ ወረቀት ነው፣ ቶሎ ልለፈው። በየወሩ የምንሞላው ቅጽ «የታዩ ታካሚዎች ብዛት» የሚል ዓምድ አለው። «ያልመጡ» የሚል የለውም። ላዘጋጀው አካል ነግረናል፤ ይታያል ተባልን። እስከዚያው ዳር ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምረን እንጽፋለን።

ሦስተኛዋ ካርድ የአንዲት ሴት ናት። እናቷ እንጦጦ ጠበል ወስደዋታል። ስልኩን ያነሱት እናቷ ናቸው።

«እማማ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?»

«ይመስገን። ልጄ፣ ጠበል ላይ ነን። መርፌው አብሮ አይሄድም ብለውናል።»

በዚህ ነገር ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እከራከራለሁ። አንዳንዱ «ጠበል ወይ መድኃኒት፣ ምረጡ» ማለት ይወዳል። እንዲህ የተባለ ቤተሰብ ጠበልን ነው የሚመርጠው፣ እኛንም ሁለተኛ ስልክ አያነሳልንም። እኔ ጠበሉን አልነካውም። እናትየው ያጠምቋት፣ እኔ እወጋታለሁ፤ ምንም አንጣላም። ብዙ ካህናትም ይህን ይቀበላሉ፤ የማይቀበሉም አሉ። ኪኒን የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ጠዋት ባዶ ሆድ ስለሚጠመቅ ሰዓቱን ወደ ማታ እናዞርለታለን። ከዚህ በፊት ለሌላ ታካሚ አንድ መምሬ ጋ ሄጄ ቁጭ ብዬ ጠይቄያለሁ። «ሐኪምንም የፈጠረ እሱ ነው» አሉኝና ራሳቸው ቤተሰቡን መከሩልኝ።

ለዚህችኛዋ ግን ገና መግቢያ አላገኘሁም። እንጦጦ ከእኛ የከተማው ሌላ ጫፍ ነው፣ ሦስት ታክሲ ይፈጃል። «እማማ፣ እንቅልፏ እንዴት ነው?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «ትናንት ሌሊት አልተኛችም» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ተሰበሰብን። ማን ይሂድ ተባለ። ያ ተሽሎት አብሮን የሚሠራው ልጅ እጁን አነሳ፤ እሱም በጊዜው እዚያው ተጠምቋል። ነገ ማለዳ፣ ቅዳሴው ሳይወጣ፣ ሁለት ሆነን እንሄዳለን። ሁለቱን ካርዶች ወደ መደርደሪያው መለስኳቸው። ሦስተኛዋ ጠረጴዛው ላይ ታድራለች።