«ዘ ፕራይድ»፦ ሦስት ስም፣ ሁለት ዘመን

«ዘ ፕራይድ» አሌክሲ ኬይ ካምቤል የጻፈው የመድረክ ተውኔት ነው። ቃሉ «ኩራት» ማለት ነው። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች በየዓመቱ የሚወጡት ሰልፍም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ተውኔቱ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ፣ ለንደን በሚገኘው የሮያል ኮርት ቴአትር ፎቅ ላይ ባለችው ትንሽ አዳራሽ ነው። አዘጋጁ ጄሚ ሎይድ ነበር። ካምቤል ከዚያ በፊት ተዋናይ ነበር፤ ለመድረክ የበቃ የመጀመሪያ ድርሰቱ ይኸው ነው።

ታሪኩ በ1958 እና በ2008 መካከል ይመላለሳል። በሁለቱም ዘመን ፊሊፕ፣ ኦሊቨርና ሲልቪያ የሚባሉ ሰዎች አሉ። ተዋናዮቹ እነዚያው ናቸው፤ ገጸ ባሕርያቱ ግን ሌሎች። የዝምድና ነገርም የለም። ተመልካች መጀመሪያ ላይ ትንሽ ግራ ይጋባል፣ ከዚያ ይለምደዋል።

በ1958ቱ ፊሊፕ ቤት አሻሻጭ ነው። ሚስቱ ሲልቪያ የልጆች መጽሐፍ ሥዕል ትሠራለች። አንድ ምሽት ደራሲውን ኦሊቨርን ከባሏ ጋር ታስተዋውቀዋለች። ሁለቱ ወንዶች መጠጣቸውን ይዘው የጨዋ ወግ ያወራሉ። ፊሊፕ ገና ከመነሻው ምቾት እንደነሳው ያስታውቃል። በኋላ ይፋቀራሉ፤ ፊሊፕ ግን ራሱን ይጸየፋል። በመጨረሻ «ልታከም» ብሎ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። የሚያስመልስ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ እያቅለሸለሸው የወንዶች ፎቶ ይመለከታል። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ልክ እንደ ተራ ሕክምና ያስረዳዋል። ይህ የደራሲ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን በብሪታንያ ሆስፒታሎች የሚሰጥ ሕክምና ነበር። ለእኔ ግን ከሁሉ በላይ የምትከብደው ሲልቪያ ናት። ነገሩን ቀድማ ታውቃለች፣ ባሏንም ትወዳለች።

ዓመቱ እንዲሁ አልተመረጠም። በ1957 የብሪታንያ መንግሥት ያቋቋመው የዎልፈንደን ኮሚቴ በወንዶች መካከል የሚደረግ ወሲብ ወንጀል መሆኑ እንዲቀር ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሕጉ የተለወጠው ግን ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1967 ነው። ያውም በእንግሊዝና በዌልስ ብቻ፣ ከ21 ዓመት በላይ ለሆኑ፣ በግል ቦታ። ቴአትሩም ነፃ አልነበረም። እስከ 1968 ድረስ ተውኔት ሁሉ በሎርድ ቻምበርሌይን፣ ማለትም ተውኔቶችን በሚመረምረው የቤተ መንግሥት ባለሥልጣን ቢሮ በኩል ሳያልፍ መድረክ አይወጣም ነበር።

በ2008ቱ ሕግ ችግር አይደለም። ጥንዶች ከ2005 ጀምሮ ግንኙነታቸውን በሕግ ማስመዝገብ ይችላሉ። ኦሊቨር ጋዜጠኛ ነው። ከማያውቃቸው ወንዶች ጋር መተኛቱን ማቆም ስላቃተው ፊሊፕ ጥሎት ሄዷል። የዚህ ዘመን መክፈቻ ትዕይንት በገንዘብ የተቀጠረ፣ የናዚ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ይዞ ይመጣል። ያስቃል፣ ያሳፍራልም። ካምቤል የራሱን ዘመን አለማቆለማመጡ ደስ ይለኛል። የ50 ዓመቱ ለውጥ ትልቅ ነው፤ ኦሊቨር ግን ነፃነቱን ይዞ ብቻውን ቀርቷል።

ተውኔቱ በ2009 የለንደን ቴአትር ሽልማት የሆነውን የሎረንስ ኦሊቪየር ሽልማት አገኘ። በ2010 ኒው ዮርክ ላይ ቤን ዊሾው እና ሂዩ ዳንሲ ተጫወቱበት። በ2013 ሎይድ እንደገና ለንደን ላይ፣ በትራፋልጋር ስቱዲዮስ አዘጋጀው። በዚያው ዓመት ሩሲያ ስለ ተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ለልጆች «ፕሮፓጋንዳ» መንዛትን የሚከለክል ሕግ አውጥታ ነበር። ተዋናዮቹ ትርዒቱ አልቆ እጅ ሲነሡ «ለሩሲያ፣ ከፍቅር ጋር» የሚል ጽሑፍ ይዘው ተመልካቹ ፊት ቆሙ።